እንግሊዝኛን በተነሽና በወዳቂ ያነበበች ልጅ

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻዋ ልጄ ለፈተና ስታጠና፣ እንዳልረብሻት ጫማዬን አውልቄ በሯ ሥር ቆምኩ። አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል እያነሳች እየጣለች ትደጋግማለች። ትርጉሙን አላውቀውም። ድምፁን ስሰማ ግን ጥሩወርቅ ትዝ አለችኝ።

ጥሩወርቅ ከቀሃ ወንዝ ወዲህ፣ በአጥር የምንዋሰናቸው የዓይነ ስውሩ የኔታ ልጅ ነበረች። ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። አባቷ ለቆሎ ተማሪዎች ግእዝ ያስነብባሉ፤ እኛ ሁለታችን ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው መምህሩን በሚያስጮኸው የመንግሥት ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ነበርን። ህንዳዊው መምህራችን ዓርብ ዓርብ ከቆዳ ቦርሳው ወፍራም መዝገበ ቃላት ያወጣና፣ ሰው በአፉ የማይለውን ቃል መርጦ በጠመኔ ይጽፍልናል። «ግሎሚንግ» ፀሐይ ገብታ ጨለማው ሳይመጣ ያለችው ሰዓት ናት። «ዘፈር» ለስላሳ ነፋስ ነው። እኔ ሰኞ ስደርስ ሁሉንም ረስቼዋለሁ። ጥሩወርቅ አትረሳም።

ምሥጢሩን በአጥራችን ቀዳዳ አየሁት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከአባቷ ጎን ቁርበት ላይ ትቀመጥና ቃሉን ትላቸዋለች። ግእዝ ሲነበብ ድምፅ የሚነሳበት ቃል ተነሽ፣ ድምፅ የሚወድቅበት ወዳቂ ይባላል። የኔታ ደግሞ ተነሽና ወዳቂ የሌለው ቋንቋ እግዜር አልፈጠረም ባይ ናቸው። እንግሊዝኛ አንዲት ቃል ሳያውቁ፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡና «ይህ ተነሽ ነው፤ አትጣይው» ይሏታል። እሷም ትርጉሙን አስከትላ፣ እንደ ግእዝ ግስ በዜማ ትወርደዋለች። ጎረቤቱ ጥሩወርቅ እንግሊዝን ቅኔ ማኅሌት አስገባችው እያለ ይስቅ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። የኔ አባት ደብዳቤ ካነበብሽ ይበቃሻል የሚል ሰው ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ምን ተማርሽ ብሎኝ አያውቅም። የቀናሁት በቃሏ ብቻ ሳይሆን፣ እሷን ለመስማት ዘንበል በሚለው በአባቷ ራስ ጭምር ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ፈታኝ መጣ። ከሁለታችን አንዷ ለአዳሪ ትምህርት ቤት ልትመረጥ ነው። ጥሩወርቅ ተነሹን አንስታ ወዳቂውን ጥላ ስታነብ፣ ህንዳዊው መምህር መነጽሩን አወለቀ። እኔ ሦስተኛው ቃል ላይ ተገተርኩ። ተመረጠች። አባቷ ካልፈቀዱ ግን ተራው የእኔ ነው።

በማግሥቱ እሷ ውሃ ስትወርድ ጠብቄ የኔታ ዘንድ ገባሁ። አዳሪ የሚገቡ ልጆችን ጾም ያስገድፏቸዋል፣ ማዕተባቸውንም ያስበጥሷቸዋል አልኳቸው። ማንም አልነገረኝም፤ እዚያው ቆሜ የፈጠርኩት ነው። የኔታ እስክጨርስ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ።

«ምነው ልጄ፣ አንቺ ብትመረጪ ትቀሪ ነበር?» አሉኝ።

ለመውጣት ወደ በሩ ዞርኩ።

«በይ ለእናቷ እንዳትነግሪያት። እሷ ታምንሻለች» አሉኝ ከኋላዬ።

ጥሩወርቅ በሳምንቱ በጭነት ማኪና ሄደች። ስትሰናበተኝ አንገቴን አቅፋ፣ «አባን አደራ። ዓርብ ዓርብ የሚጻፈውን ሂጂና አንብቢላቸው፤ ሸጋ አድርገው ይሰሙሻል» አለችኝ። የኔታ እንዳልነገሯት ያን ጊዜ ገባኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ትምህርቴን አቋርጬ እስክዳር ድረስ፣ ሁለት ዓመት ያህል፣ ዓርብ ዓርብ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ያን የፈጠርኩትን ወሬ አንድም ቀን አላነሱብኝም። ስሳሳት ያርሙኛል፣ ሲሳካልኝ ጉልበታቸውን መታ መታ ያደርጋሉ። እርጅናው ሲጫናቸው ግን «ጥሩወርቅ፣ እስቲ ድገሚው» ይሉኝ ጀመር።

እኔም «አቤት አባ» ብዬ እደግመው ነበር።