ናፍታሊን፣ ደዋና ሦስት ሽማግሌዎች

ባለፈው ኅዳር እኔና ባለቤቴ ስንዱ መተማ ዮሐንስ ወርደን ሰነበትን። ልጃችን አቤል እዚያ የጤና መኮንን ነው። ወደ ጎንደር የምንመለስበት ዕለት ጠዋት፣ በዕድሜ የምትበልጠውን ነጭ መኪናውን በር ላይ አቁሞ፣ ከየት እንደመጣ የማይጠየቅ ቤንዚን ከጀሪካን በጨርቅ እያጠለለ ሞላላት። ከዚያ ከኪሱ አንዲት ቀይ ጠርሙስ አወጣ። ለሕፃን ሽሮፕ እንደሚሰጥ ሰው እየተጠነቀቀ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አንጠፈጠፈባት።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩት፣ ምን እንደሆነ እያወቅሁ።

«ኦክቴን ማሳደጊያ ነው አባዬ። ሰሞኑን ሞተሯ ያንኳኳል። ይቺን ሳደርግላት ግን እላይ አይከል ሳንደርስ ዝም ትላለች። ስንት ጊዜ ሞክሬዋለሁ!»

አፌን ልከፍት ስል ስንዱ ከኋላ ወንበር ጣቷን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። «ተው እንግዲህ። ልጁ ይንዳበት።»

ዝም አልኩ። ለእኔ ዝም ማለት ቀላል ሥራ አይደለም። ሰው ሁሉ በአንድ ነገር ሲስማማ ሆዴን ይቆርጠኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ፤ ጓደኞቼም በዚሁ ነው የቀነሱት። ይሁንና ስለዚህች ጠርሙስ ዝም የምልበት የራሴ ምክንያት አለኝ። ትዳሬን ያገኘሁት በእሷ ቢጤ ነው።

ያኔ መተማ ዮሐንስ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። ከተማዋ የምትኖረው ከሱዳን ድንበር ማዶ ከጋላባት በኩል በጀሪካን በሚሻገር ቤንዚን ነበር። ቤንዚኑ በመንገዱ ላይ ስንት እጅ እንደነካው፣ ስንት ላምባ እንደተቀላቀለበት አምላክ ይወቅ። ጥቂቶቹ ባለ ቤንዚን መኪናዎች ሁሉ ያንኳኩ ነበር። ነዳጅ ጠንከር አድርገው ሲረግጡ፣ ጣሳ ውስጥ የበቆሎ ፍሬ ከትተው እንደሚነቀንቁት ያለ ቀጭን ድምፅ ከኮፈኑ ሥር ይወጣል። ድምፁ ፒስተን ይበላል እየተባለ ይፈራል። ስለዚህ ከተማው ለመድኃኒቱ በሁለት ጎራ ተከፍሎ ነበር።

የአንዱ ጎራ አለቃ መሪጌታ ሀብቴ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኑን አልባሳት ከብል ለመጠበቅ የሚገዙት ናፍታሊን አንድ ቀን በአንድ ሾፌር ምክር ወደ ቤንዚን ታንክ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ መሪጌታ በዓለም ላይ ናፍታሊን የማያድነው ነገር የለም ባይ ሆኑ። የሌላው ጎራ አለቃ ሐጂ ኢድሪስ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። እሳቸው ደግሞ በእግራቸው ጋላባት ተሻግረው «ደዋ» የሚሏትን ቀይ ጠርሙስ ያመጣሉ። ደዋ በዐረብኛ መድኃኒት ማለት ነው። ሁለቱ የልብ ወዳጆች ናቸው። ጠዋት ጠዋት በአንድ የሣር ዳስ ሥር፣ የሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት ፉል ከአንድ ሣህን እየበሉ ይሰዳደባሉ።

«የብል መድኃኒት ለመኪና! መኪናን ብል በላት እንዴ ያ መሪጌታ?» ይላሉ ሐጂ በዐረብኛ አጠራራቸው።

«የእርስዎ ውሃስ? ቀለም የነከሩበት የዓባይ ውሃ አይደለም?»

እኔ ሁለቱንም እቃወም ነበር። ቤንዚኑ ምንም አልሆነም፣ ሰው ነው መድኃኒት የሚወደው፣ ድምፁም ያረጀ ብረት ድምፅ ነው እል ነበር። ማስረጃ ነበረኝ? አልነበረኝም። ሁለት አዛውንት በአንድ ነገር ማመናቸው ለእኔ በቂ ማስረጃ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሁላችንም እያየን አላየንም። ወደ ጎንደር የሚወጡ ሾፌሮች በሁለቱም መድኃኒት ይምሉ ነበር። በሜዳው ወደ ገዳሪፍ የሚነዱት ግን ተመልሰው «አታለላችሁን» እያሉ ይሳደቡ ነበር። እኛም ሱዳን የሚሄድ ሾፌር ነገር አያምርለትም እያልን እናልፋቸዋለን።

ስንዱን ያገኘኋት ጎንደር ለክረምት ትምህርት የወጣሁ ጊዜ ነው። እሷም አስተማሪ ነበረች፤ የአይከል ልጅ። የክረምቱን ዝናብ በአንድ ጃንጥላ ከጨረስን በኋላ ወደየሥራችን ተመለስን። ኅዳር ላይ ከስንዱ መልእክት ደረሰኝ። የጭነት መኪና ያለው አንድ ነጋዴ በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ሽማግሌ ሊልክ ነው፤ አባቷ ጋሽ ዘውዱ ደግሞ በር ላይ የቆመ ሽማግሌ አሳፍረው መመለስ አይወዱም። «ቀድማችሁ ካልመጣችሁ እኔ ምን ልበል?» ነበር የመልእክቱ መጨረሻ።

ሽማግሌዎቼ መሪጌታ፣ ሐጂና ባለ መኪናው አጎቴ መኳንንት ሆኑ። አጎቴ እሱ ራሱ መንዳት ባያውቅም ባለ ቤንዚን ላንድሮቨር ነበረችው። ነገር ግን የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ነው። ከደጋ የወረዱት ሳሉጎች፣ ማለት የአጨዳ ሠራተኞቹ፣ ከየቦታው ወደ አብደራፊ እርሻዎች እየተጫኑ ነው፤ መሪ የጨበጠ ሰው ሁሉ ትራክተር ላይ ነው። ከተማው ውስጥ መንዳት የሚያውቅ የቀረ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሽማግሌ ላኪ ሽማግሌዎቹን እየነዳ ሲሄድ ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም።

«ባርኔጣህን ዓይንህ ድረስ አውርድ» አለኝ አጎቴ። «ሾፌር ነህ። ከመኪናዋ አትውረድ። አትናገር። በተለይ አትናገር!»

የዚያው ሳምንት እሁድ ጠዋት ልንነሣ ስንል ጭቅጭቁ ተነሣ። መሪጌታ ናፍታሊን ያልገባባት መኪና ዳገት መሐል ትቆማለች ብለው ከበሩ ላይ ቆሙ። ሐጂም ናፍታሊን ከገባባት እኔ በእግሬ እሄዳለሁ አሉ። እኔ ሁለቱም አያስፈልግም ስል ሁለቱም ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ለአፍታም ቢሆን ያስታረቅኋቸው ያኔ ነው። ፀሐይዋ እየከረረች፣ እሁዴ እያለቀብኝ ነበር። በመጨረሻ አጎቴ የሽምግልና ፍርድ ሰጠ፤ ሁለቱም ይግባ። ናፍታሊኑ እየተፈረፈረ፣ ደዋው እየተንቆረቆረ ወረደ። ታንኩ እስከ አፉ ሞልቶ ስለነበር ለደርሶ መልስ ይበቃን ነበር።

እስከ ሸኸዲ ድረስ አንኳኳች። ከሸኸዲ ወጥተን ጉብታው ሲጀምርም አንኳኳች። ከኋላዬ ሁለቱ አዛውንት አንገታቸውን አስግገው፣ የታመመ ሰው ትንፋሽ እንደሚያዳምጥ ቤተ ዘመድ ያዳምጣሉ። እኔ የማዳምጠው ሌላ ነገር ነበር። ነጋዴው የጭነት መኪና አለው፤ የእኔዋ ደግሞ የተዋሰች ናት፣ እሷም እያሳለች ነው። እዚህ መንገድ ላይ ብትቆም ስንዱ ለሌላ ሰው ትዳራለች። ነጋዴ ባሕር የምትባለውን መንደር አልፈን ጠመዝማዛውን ስንያያዘው፣ የሚያቃጥለው ነፋስ እየቀዘቀዘ፣ የኑግ አበባ ቢጫው በዳገቱ ላይ መታየት ሲጀምር፣ ድምፁ ሳሳ። አይከል ልንደርስ ስንል ጭራሽ ጠፋ።

«ናፍታሊን!» አሉ መሪጌታ።

«ደዋ!» አሉ ሐጂ፣ እኩል።

ጋሽ ዘውዱ የመንገድ ሥራ ጡረተኛ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ እኔ ባርኔጣዬን ደፍቼ ከአጥሩ ውጭ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጥኩ። በቤቱ መስኮት የስንዱ ነጠላ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ቆየሁ። በጣም ቆየሁ። ከውስጥ የሚሰማው ድምፅ እየጨመረ መጣ፤ የልመና ድምፅ አልነበረም። የጠብ ድምፅ ነበር።

ምን እንደሆነ ስንዱ በኋላ ነገረችኝ። ሽማግሌዎቹ ገብተው፣ ተቀምጠው፣ ተመርቀው፣ አባቷ እንደ ወጉ «መንገዱ እንዴት ነበር?» ብለው ጠየቁ። እንደ ወጉ ከሆነ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነበር» ነው፤ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይገባል። መሪጌታ ግን «መንገዱማ በናፍታሊን ደህና ነበር» አሉ። በቃ። ምግብ ቀርቦ እስኪነሣ ስለ ልጅ፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ እኔ አንድ ቃል አልተነገረም።

በሩ ተከፈተና ጋሽ ዘውዱ ወጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊታቸው እንደ ተዘጋ ሱቅ የማይነበብ ሰው ናቸው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከኋላቸው ተንጋግተው ተከተሉ። አጎቴ ከኋላ ሆኖ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ያሳየኛል። ጋሽ ዘውዱ መኪናዋን ዞረው አዩና በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«አንተ ነህ ሾፌሩ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እነዚህ አባቶች ለምን እንደመጡ እስካሁን አልነገሩኝም። ይቺን መኪና ማን ዝም እንዳሰኛት ግን ነግረውኛል፤ ሁለት ጊዜ። አንተ ነጂዋ ነህ። ናፍታሊኑ ነው ደዋው?»

መሪጌታ ዓይናቸውን ተከሉብኝ። ሐጂም እንዲሁ። ናፍታሊን ብል ሐጂ ያኮርፋሉ፣ ደዋ ብል መሪጌታ ይቀየማሉ፤ የተቀየመ ሽማግሌ ደግሞ ያንዱን ልጅ ለሌላው አይለምንም። የራሴ ሐሳብ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ አሮጌ ብረት ነው፣ መድኃኒት የሚባል ነገር የለም ልል። ግን መኪናዋ በጆሮዬ ዝም ብላለች። ያረጀ ብረት ዳገት ሲወጣ አይታደስም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምቃወመው ነገር አጣሁ።

«አላውቅም ጋሼ» አልኩ። «ሁለቱም ታንኩ ውስጥ ናቸው። ስንወርድ እናየዋለን።»

«ስትወርዱ ምን ታያላችሁ?»

«መድኃኒቱ ከሆነ ዝም ያሰኛት፣ ቆላም ዝም ትላለች። ቤንዚኑ ያው ነው። እዚያ ስትደርስ ካንኳኳች ግን ሁላችንም ተሳስተናል። እኔም ጭምር።»

ጋሽ ዘውዱ እጃቸውን ሰደው ባርኔጣዬን ወደ ላይ ገፋ አደረጉት።

«ዕድሜዬን ሙሉ ከሾፌር ጋር ኖሬአለሁ» አሉ። «አላውቅም የሚል ሾፌር አላየሁም። አንተ ሾፌር አይደለህም።»

አጎቴ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

«ውረድና እየው» አሉኝ። «ያየኸውን ደግሞ ራስህ መጥተህ ንገረኝ። በሚቀጥለው እሁድ። እሁድ ሌላ እንግዳ አልቀበልም፤ ይህን ነገር ሳልሰማ አላድርም።»

ይህን ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። እኔ የሰማሁትን ገና እየገጣጠምኩ ነበር። መጀመሪያ የገባቸው ሐጂ ናቸው። «ያ መሪጌታ፣ እሁድ እኮ የነጋዴው ቀን ነው!» አሉና የመሪጌታን ትከሻ በመዳፋቸው መቱት። መሪጌታም እዚያው ከአጥሩ ሥር ቆመው፣ ያልተጠየቀ ለምን እንደተሰጠ ሳያስረዱ፣ ረጅም ምርቃት መረቁኝ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ነዳጅ ስለማይረገጥ ድምፅ የለም። ሁለቱ አዛውንት ከኋላ ያሸነፉ መስለው ይዘፍናሉ ማለት ይቻላል። ነጋዴ ባሕር አልፈን ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ሲቀበለን፣ ሸኸዲ ከመድረሳችን በፊት ካለችው ትንሽ ጉብታ ሥር ደረስን። ማርሽ ቀየርኩና እስከ መጨረሻው ረገጥኩ።

ጣሳው ውስጥ ያለው በቆሎ ተንኮሻኮሸ።

እኔ በዚያች ደቂቃ ከዚያ የሚጣፍጥ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። እሁድ ይዤ የምወጣው ነገር ነበረኝ። ጉብታውን ከጨረስን በኋላ ብቻ መሪጌታ «ናፍታሊኑ አልቆ ይሆናል» አሉ፤ ሐጂም «ከናፍታሊን ጋር ተጣልቶበት ነው እንጂ ደዋማ…» አሉ። እስኪሞቱ ድረስ አንዳቸውም አልተለወጡም። ነፍሳቸውን ይማር፤ ከተለወጡ ሰዎች ይልቅ እነሱ ይናፍቁኛል።

እሁድ በሰሊጥ መኪና ተጭኜ ወጣሁ። እኔና ጋሽ ዘውዱ ነገሩን ቁጭ ብለን ፈታነው፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ያነበብኳቸው መጻሕፍትም ያሉት ይህንኑ ነው። ኦክቴን ሰዎች እንደሚያስቡት የቤንዚን ጉልበት አይደለም፤ ትዕግሥቱ ነው። ትዕግሥት የሌለው ቤንዚን የሞተሩ ካንዴላ እሳት ሳያደርስለት በራሱ ይቀጣጠላል፤ ማንኳኳቱ እሱ ነው። ላንድሮቨሯ የተስተካከለችው አዘዞ ጋራዥ ውስጥ፣ አየሩ ስስና ቀዝቃዛ በሆነበት ደጋ ነው። እሳቱ ፈጠን እንዲል አድርገውላታል። ቆላ ስትወርድ አየሩ ወፍራምና ግለት ያለው ስለሆነ ቤንዚኑ አይታገሥም። ደጋ ስትመለስ ይታገሣል። ከመተማ ደግሞ በዚህ በኩል የሚኬድበት ሁሉ ዳገት ነው። የትኛውም መድኃኒት ይፈስባታል፣ መኪናዋ ትወጣለች፣ ዝም ትላለች፣ ምስጋናውን ጠርሙሱ ይወስዳል። የገዳሪፍ ሾፌሮች እውነታቸውን ነበር።

ደህና መድኃኒት የለም ማለቴ አይደለም። ባደገ ኦክቴን የሚጠቀም ሞተር አለ፤ የአቤል ጠርሙስም ከምኑ እንደተሠራ አላውቅም። የማውቀው አይከልን ነው።

ባለፈው ኅዳር ስንመለስም ነጋዴ ባሕርን አልፈን፣ ነፋሱ ቀዝቅዞ፣ ኑጉ ቢጫ ሲሆን፣ የአቤል መኪና ዝም አለች። እሱም እንደ መሪጌታ ፊቱ በራ።

«ሰማህ አባዬ?»

ሰማሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ ግን እዚያው ዳገት ላይ ሁለት አዛውንት በተሳሳተ ነገር ባይጣሉ ኖሮ ይህ ልጅ የት ነበር ብዬ ዋጥኩት። አንዳንድ ስሕተት አለ፣ ቶሎ ባይታረም የሚጠቅም። በመስተዋቱ ስንዱን አየኋት። እሷም አየችኝና ጎንበስ ብላ ለልጇ በአባቷ ድምፅ ነገረችው፦

«ስትወርድ እየው። ያየኸውን ደግሞ ራስህ መጥተህ ንገረን።»