ስድስት ቋጠሮ ዜና

መዝገብ ቤት አብረን ስንሠራ ጓደኛዬን በስሙ የሚጠራው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። ለሌሎቻችን «ዓለም አቀፍ» ነው። የአገሮችን ዋና ከተማ፣ የወንዞችን ርዝመት፣ በዓመቱ የተሾመውንና የተሻረውን ሁሉ መሰላሉ ላይ ቆሞ እንደ ውሃ ስለሚያወርደው፣ ሹፌሮቹ ለጨዋታ ይመጡበታል።

«ዓለም አቀፍ፣ የጨረቃ ዋና ከተማ ማን ትባላለች?»

«አንተ ከንቲባ ስትሆንባት እነግርሃለሁ» ይላል፣ ፋይሉን ከእጁ ሳያስቀምጥ።

ነገሩ ግን የዋዛ አልነበረም። ከጊዜያዊ ሠራተኛነት ወደ ቋሚነት የሚያሻግረው የመንግሥት ሥራ መግቢያ ፈተና ነው። ሁለት ጊዜ ወድቋል። ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ያለ ሰው አይመዘገብም፤ እሱ ደግሞ ሠላሳ አምስት ሞልቶታል። ሦስተኛው የመጨረሻው ነበር።

እኔም ተፈታኝ ስለነበርሁ ከሥራ ስንወጣ እቤቱ እናጠና ነበር። እናቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም የስፌት መኪናውን ከድነው፣ መስኮቱ ሥር ከሬዲዮው ጋር መዋል ጀመሩ። ማንበብና መጻፍ አልተማሩም። ልጃቸው ቢሮ ሆኖ የሚያመልጠውን የቀን ዜና የሚይዙለት በክር ነው፤ ለአንድ ዜና አንድ ቋጠሮ።

«ዛሬ ስንት ነው፣ እማዬ?»

«ስድስት። አንዷ ግን የኳስ ናት፤ ላንተ አትሆንም።»

«ኳስም ይመጣል።»

«እንግዲያው ጻፍ፣ የኔ ጌታ።»

ክሩን በጣታቸው እየዳበሱ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ፣ የአንባቢውን ድምፅ ሳይቀር አስመስለው ይነግሩታል። እሱም ደብተሩ ላይ በእርሳስ ይጽፋል፤ እኔ ማታ ቤቴ ገብቼ ዜና ስለምሰማ በዚያ ሰዓት ሒሳቤን እሠራለሁ። «ሹመት በእስክሪብቶ አይጻፍም» ይል ነበር።

በዚያ በመጨረሻው ዓመት መሥሪያ ቤታችን ሕንፃ ቀየረ። ፋይል ስናስር፣ ስንሸከም፣ ስንደረድር እየዋልን ጋዜጣ ማገላበጥ ቀረ፤ የእሱ ወቅታዊ ጉዳይ ሁሉ በእናቱ ክር ላይ ተንጠለጠለ።

አንድ ቀን እናቱ ሦስተኛዋን ቋጠሮ ይዘው፣ «የወንዙ ድልድይ ዛሬ ተመረቀ» አሉ።

ተያየን። በዚያ ድልድይ ላይ ስንመላለስ ስምንት ዓመት አልፎናል።

«ጥገናው አልቆ ይሆናላ» አለና ጻፈው። ጋዜጣ ገዝቶ ማመሳከር፣ የእናቱን ቃል ችሎት ፊት እንደ ማቆም መሰለው። እኔም ዝም አልሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ዝምታ ነው።

ፈተናውን ጨርሰን ስንወጣ አጥሩ ሥር ተቀምጠን መልስ አስተያየን። የጤና ሚኒስትሩ ማን እንደሆኑ ጠየቅሁት፤ የጻፈውን ስም ነገረኝ።

«እሳቸውማ ከተነሡ ስንት ጊዜያቸው!» አልሁት።

የድንበሩ ስምምነት የተፈረመበትን ከተማ ነገረኝ። እሱም የድሮው ነበር። የእህል ዋጋ ግምቱም እንደዚያው። ሳቅ ብሎ ነበር የጀመረው፤ በሦስተኛው ላይ እርሳሱን ኪሱ ከተተና ተነሣ።

እቤት ስንደርስ ከአልጋው ሥር አሮጌ ደብተሮቹን አወጣ። ከስምንት ዓመት በፊት፣ በገዛ እጁ ጽሕፈት፣ ያው የድልድዩ ቀን ገጽ ተገኘ፤ ሚኒስትሩ፣ ስምምነቱ፣ ድልድዩ፣ እህሉ፣ ጎርፉ፣ ከነኳሱ፣ ከነቅደም ተከተሉ። እናቱ ቋጠሮውን በየቀኑ አጥብቀው ያስሩ ነበር። ቋጠሮው ውስጥ የነበረው ግን ሌላ ዘመን ነው።

«ልጄ፣ መጣህ? ያልኩህ ወጣ?» አሉ ከመስኮቱ ሥር።

ደብተሩን ከደነ። «ወጣ፣ እማዬ። ሦስቱ ቃል በቃል ወጡ።»

«አላልኩህም!» ብለው አጨበጨቡ። ወደ እኔም ዞረው፣ «አንተስ ከኔ ክር ተካፈልህ ወይ?» አሉኝ።

ማለፊያው ሰባ ነበር፤ እሱ ስድሳ ስምንት አገኘ። እኔ አለፍሁ፤ ወደ ሌላ ከተማ ተመደብሁ። ሹፌሮቹ ውጤቱን ከሰሙ ወዲያ ስለ ጨረቃ የጠየቀው የለም፤ የቀልዱ መቅረት ከቀልዱ ይልቅ ሳይከብደው አልቀረም።

በሁለተኛው ዓመት ልጠይቃቸው ሄድሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሬዲዮው ተዘግቷል። እናቱ ክሩን ይዘዋል፤ እሱ ጉልበቱ ላይ ደብተር ዘርግቶ በእርሳስ ይጽፋል። እኔን ሲያይ በዓይኑ ወንበር አሳየኝ።

«የወንዙ ድልድይ ዛሬ ተመረቀ» አሉ እናቱ።

«በስንት ሰዓት፣ እማዬ?»

«ረፋዱ ላይ።» ክሩን ለቀቅ አድርገው ቆዩና፣ «ፈተናው መቼ ነው ያልከኝ?» አሉ።

«ገና ነው፤ ጊዜ አለን። አራተኛዋን ንገሪኝ።»