ከልብስ ማስጫው ብረት ኋላ

አባቴ ፎቶ አንሺ ነበር። ሰፈርተኛው ግን «ባለመንታው» ነበር የሚለው፤ ሁለት አሮጌ ካሜራዎችን ጎን ለጎን በጣውላ ላይ በብሎን አስሮ በሁለት አውራ ጣቶቹ እኩል ስለሚጫናቸው። የምንበላው ከመታወቂያ ፎቶ ነው፤ እሱ ግን ነገር ዓለሙን ትቶ ከመንታዎቹ ጋር ሲታገል ይውላል። አጥቦ ያወጣቸውን ሁለት ፎቶዎች ካርቶን ላይ ጎን ለጎን ይለጥፍና ሁለት ሌንስ የገጠመለት የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይከታቸዋል። ዓይናችሁን ሳጥኑ ላይ ስትደቅኑ፣ ወይ ጉድ! ወንበሩ ወደ እናንተ ይመጣል፣ ግድግዳው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የሰውየውን ባርኔጣ እጅ ሰዶ ማንሳት ያምራችኋል።

ደንበኛ እጁ ከገባ ማምለጫ የለውም። «ጣትዎን አፍንጫዎ ፊት ያቁሙ» ይለዋል። «ቀኝ ዓይንዎን ይጨፍኑ። አሁን ደግሞ ግራዎን። አዩ፣ ጣትዎ ሲዘል? ግራ ዓይን በግራ በኩል አጮልቃ ከጣትዎ ኋላ ያለውን ታያለች፤ ቀኟ ደግሞ በቀኝ በኩል። ወሬኛ ጎረቤታሞች ይበሏቸው! አንዷ ያመለጣትን ሌላዋ ትነግራታለች። የቱ ቅርብ፣ የቱ ሩቅ እንደሆነ የምናውቀውም ከእነሱ ወሬ ነው።» ሰውየው እኮ የመጣው ለመታወቂያ ነው!

እናቴ ግን አንድም ፎቶ አልነበራትም። የፎቶ አንሺ ሚስት! ተማሪ ሳለች በክፍል ፎቶ ላይ ዓይኗን ጨፍና ወጥታ ዓመቱን ሙሉ ሲስቁባት ከረሙ፤ ከዚያ ወዲህ እምቢ እንዳለች ቀረች። ካሜራ ብቅ ሲል እሷ ሹልክ ብላ ትጠፋለች።

«አንተ ሰውዬ፣ በየቀኑ እያየኸኝ ወረቀቱ ምን ያደርግልሃል?» ትለዋለች።

«ስታረጂ እንዳሳይሽ ነዋ!»

«ሳረጅማ አንተም አታይ!»

አላረጀችም። እኔ ትምህርት በጨረስኩበት ዓመት፣ ይሄ ነው በማይባል ሕመም ሄደችብን። ቤቱ ጭር አለ። እኔም የሷን ሽርጥ አድርጌ የሷን ቦታ የሞላሁ እየመሰለኝ ዓመታት አለፉ።

ከዚያ የአባቴ ግራ ዓይን ጠፋ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ፣ ዘግይቶ የተገኘ። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ጎን ያፈሰዋል፤ ደረጃ ሲወርድ እግሩን አየር ላይ ያሳርፋል። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» እያለ ሊያስቀኝ ይሞክራል። ግን መንታ ካሜራዎቹን ከጣውላው ላይ ፈታቸው። «ምን ያደርጉልኛል? ዓለም ሁሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሆኖብኛል» አለኝ።

የፎቶ ሱቁን ልንዘጋው ዕቃ ስንለቅም ዋልን። እኔ ካርቶኖቹን እፈትሻለሁ፣ እሱ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ድንገት «የእናትሽ ፊት ጠፋኝ» አለ።

«እንዴት ይጠፋሃል አባዬ?»

«ድምጿን እሰማለሁ። እጇን እንኳ አውቀዋለሁ። ፊቷን ላስታውስ ስል ግን እምቢ ይለኛል። አንድ ጊዜ ባያት ይበቃኝ ነበር።»

እናቴን ተናደድኩባት። እውነቴን ነው፣ በሞተች ሰው ተናደድኩ። አንዲት ፎቶ ብትነሳ ምን ነበረበት?

የተበላሹ ፎቶዎች ካርቶን ሥር አንድ መንታ ፎቶ አገኘሁ። እኔ ነኝ፣ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው፣ ግቢያችን ውስጥ ተቀምጬ። ከኋላዬ የታጠበ አንሶላ ተሰቅሏል፤ ከፊት ደግሞ የልብስ ማስጫው ብረት፣ የገመዱ ምሰሶ፣ መሀል ገብቷል። አባቴ ወደ ፊቱ አስጠግቶ አየውና «ያ ብረት እኮ ነው ያበላሸው፣ ሳጥን ውስጥም አላስገባሁት» አለ። ወላቃ ጥርሴን አይቼ ልስቅ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩትና ዓይኔን ደቀንኩ።

ጮኽኩ።

ብረቱ ቀጥኖ ወደ ፊት መጥቷል። ከኋላው፣ አንሶላው አጠገብ፣ እናቴ ቆማለች፤ ፊቷ ምንም ሳይጎድል! አባቴ ያኔ አላያትም። ግራው ፎቶ ላይ ከብረቱ ዳር ግማሽ ፊቷ አለ፣ ቀኙ ላይ የቀረው ግማሽ፤ ለየብቻ ሲታዩ ከአንሶላው ጥላ አይለዩም። ለካ ከካሜራው ሸሽታ ብረቱን ተከልላ ኖሯል። ከአንድ ካሜራ ቢሆን ያዋጣት ነበር፤ ባሏ ግን በሁለት ነው የሚያነሳው።

«አባዬ፣ እማዬ ናት! እማዬ!»

ሳጥኑን ነጠቀኝ። ደህነኛ ዓይኑን ቀኙ ሌንስ ላይ አደረገ፣ ከዚያ ወደ ግራው አዛወረ፣ ደግሞ መለሰ።

«ግማሽ ናት» አለ። «ያኛውን ሳይ ይሄኛው ያመልጠኛል። አልገጥም አለችኝ።»

መቀስ አነሳሁ። «ቆርጬ ላጋጥማቸው?»

«ተይ! ዕድሜ ልኳን እምቢ ያለችውን፣ አሁን ሞታ ላሸንፋት?» ሳጥኑን መለሰልኝ። «አንቺ እይና ንገሪኝ።»

ነገርኩት። ሻሿ ወደ ኋላ ሸሸት እንዳለ፣ የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ እንደያዘች፣ አንዱ ቅንድቧ ከፍ እንዳለ።

«ተቆጥታለች?»

«ኧረ ሳቋን እያፈነች ነው።»

«አንቺን እያየች?»

አዎ ማለት አማረኝ። ልጅ ነኛ! ደግሜ አየሁ። እኔ ቅርብ ነኝ፣ እሷ ከኋላዬ ራቅ ብላለች፤ ዓይኗ በጭንቅላቴ ላይ አልፎ ወደ ካሜራዎቹ ነው የሚሄደው።

«አይደለም፣ አባዬ። አንተን ነው የምታየው።»

ስለ ጉንጯ ልቀጥል ስል እጁን አነሳ።

«ቆይ፣ አትናገሪ።» የቀረችውን አንድ ዓይኑን ጨፈናት። «መጣችልኝ» አለ።