የራሴ ቢላዋ

በእኛ ሰፈር ለቅሶ ቤት የምትሄድ ሴት ሽንኩርት ልትከትፍ ቢላዋዋን ይዛ ነው። ከሽንኩርቱ ጆንያ ዙሪያ ያልተቀመጠች የእድሩ ሴት አይደለችም፤ እንግዳ ናት። ቫይረሱ በደሜ እንዳለ ከታወቀ ወዲህ እኔን እንግዳ አደረጉኝ። ቢላዋዬን ሳወጣ “አንቺ ደክሞሻል፣ አረፍ በይ” ይሉኛል። ማን ነው የደከመው? መድኃኒቴን ሳላቋርጥ እውጣለሁ፣ ጤነኛ ልጅ ወልጃለሁ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ገብስ ተሸክሜ ወፍጮ ቤት እመላለሳለሁ። እናቴ “ተያቸው፣ ዝም አይነቅዝም” ትለኛለች። እኔ ግን ዝም ብዬ ነቀዝኩ።

ይህንኑ ለማኅበራችን ሴቶች ነገርኳቸው። ሁላችንም ከቫይረሱ ጋር የምንኖር ነን፤ መድኃኒት ያቆመችውን ቤቷ ድረስ ሄደን እንቆጣለን፣ ምጥ የያዛትን ሐኪም ቤት እናደርሳለን። ከወለጋ ተፈናቅላ መጠለያ የምትኖረው ጓደኛችን ሳቀችብኝ።

“እኔ ቤቴን ጥዬ ስሸሽ እንኳ እንዳንቺ አልፈራሁም። የሚቀጥለው ለቅሶ ላይ አብረን ነን።”

የጎረቤቴ ባል ሲሞት ሁላችንም ቢላዋ ቢላዋችንን ይዘን ሄድን። ከደብረ ሲና በመጣው የሽንኩርት ጆንያ ዙሪያ ቁጭ አልን። የእድሩ ሴቶች ሰብሳቢ መጡ።

“ልጆቼ፣ እናንተ እንኳ አረፍ በሉ።”

“አርፌ ነው የመጣሁት እማማ። ስንት ለቅሶ አሳረፉኝ!”

ከተፍን። ዓይኔን ሽንኩርቱ አቃጠለው፣ ሆዴን ደግሞ ንዴቱ።

ከቀብር መልስ የምስር ወጡ ቀረበ። ማንም እጁን አልሰደደም። ሐዘንተኛን ጦም ማሳደር ለእድራችን ነውር ነውና ሰብሳቢዋ ጠቅልለው ለጎረቤቴ ዘረጉላት። እሷ እጃቸውን ያዘች።

“ሽንኩርቱን ማን እንደከተፈው ጠዋት በመስኮት አይቻለሁ” አለች። “መጀመሪያ እርስዎ ይጉረሱ፤ ያኔ እበላለሁ።”

ሰብሳቢዋ ጉርሻውን ትክ ብለው አዩት። ዓይናቸውን ጨፍነው ጎረሱ። ቀጥሎ ጎረቤቴ በላች፣ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ በላ። እኔ ግን አላመሰገንኳቸውም። በምን ዕዳዬ?

ለማታው የሚከተፍ ሽንኩርት ተርፎ ነበር። ሰብሳቢዋ አጠገቤ መጥተው ቁጭ አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

“እስቲ ቢላዋሽን አውሺኝ።”

አልሰጠኋቸውም።

“ደክሞዎታል እማማ” አልኳቸው። “እርስዎ አረፍ ይበሉ።”