ከቤታችን ሥር የነበረው ባሕር

ለንደን፣ ዊልስደን ሰፈር የነበረው ቤታችን መሰንጠቅ የጀመረው ዝናብ በጠፋበት ዓመት ነው። ሐምሌና ነሐሴ፣ አገር ቤት ምድሩ ጭቃ በሚሆንበት ጊዜ፣ እዚህ ሰማዩ ደረቀ። የመንገድ ዳር ሣሩ ነጣ። መስከረም ሲጠባ ከሳሎኑ መስኮት ጥግ ተነሥቶ እስከ ጣሪያው የሚወጣ ቀጭን መስመር አየሁ። ለማንም አልተናገርኩም። መናገር ይከብደኛል፤ ደግሞም ክፉ ነገር ሲያወሩት የሚያድግ ይመስለኝ ነበር።

ስንጥቁ ጣት የሚያስገባ ሲሆን አክስቴ ራሳቸው አዩት። አክስቴ ከደርግ በፊት ከአሠሪዎቻቸው ጋር ወደ ለንደን መጥተው የቀሩ ናቸው፤ ሆስፒታል ልብስ ያጥባሉ። አገር ቤት የተዉት አንድ ልጅ ነበራቸው። አዲስ አበባ ወጣቱ በሚታፈስበት ወቅት በሱዳን በኩል አመለጠ ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ሲወጣ በቃሉ አጥንቶ የሄደው የዚህን ቤት አድራሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤቱ ቢረጥብም፣ አከራዩ አንድ ነገር ባያድስላቸውም፣ አክስቴ ቤት መቀየር አስበው አያውቁም።

“ይህ ቤት ከሄደ ልጄ የት ይመጣል?” አሉ፣ ስንጥቁን በመዳፋቸው ሸፍነው።

ከላይኛው ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን፤ ድሮ የወረዳ ጸሐፊ ነበሩ፣ በዚያም የተነሣ ታስረው የወጡ።

“እትዬ፣ ለዚህ ነው እንዴ የሚያዝኑት? ግድግዳ ሲሰነጠቅ ይመረጋል!” አሉ።

በማግስቱ ከጓሮ አፈር ቆፈሩ። ጭዱን እኔ ተልኬ ኪልበርን ካለ ሱቅ፣ ለጥንቸል መኝታ ከሚሸጠው ገዛሁ። ባለሱቁ ስንት ጥንቸል እንዳለኝ ሲጠይቀኝ አፍሬ “ትልልቅ ናቸው” አልኩት። ጋሼ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ጭቃውን በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ረገጡት፤ ከዚያም ስንጥቁን እየጠቀጠቁ ሞሉት።

“እርስዎ ድሮውንም ጸሐፊነቱን ትተው መራጊ ቢሆኑ ይሻልዎት ነበር” አሉ አክስቴ። “መራጊን ማን ያስራል?”

አክስቴ ሲስቁ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሳምንት ሳይሞላ ምርጊቱ ውሃ እንደሸሸው ኩሬ ተሰነጣጠቀ።

በኋላ አከራዩ ሰርቬየር፣ የቤት መርማሪ ባለሙያ፣ ላከ። ረጅም፣ ጎንበስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ፤ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩት፣ እንግሊዝኛን ከደረጃ ጠረጋ ሥራዬ የለቃቀምኩት። ሰውየው ምርጊቱን ነካ አደረገና ማን እንደሠራው ጠየቀ። ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሰውየው ግን አልተቆጣም፤ ከምርጊቱ ቁራጭ ፈልቅቆ በመዳፉ ያዘው።

“ከቤታችሁ ሥር የሆነውም ይኸው ነው” አለ።

ሰው ሳይፈጠር በፊት እዚህ ቦታ ባሕር ነበር አለ። ዝናቡና ወንዙ የተራራውን ድንጋይ እየፈጩ ወደዚህ አመጡት፤ ደለሉም ከባሕሩ ወለል ላይ ተኛ። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለው ደለል ከላዩ ብዙ ተጭኖት መልሶ ድንጋይ ሆኗል። የዚህ ቦታው ግን ሳይጠነክር ጭቃ እንደሆነ ቀረ። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲጠማ ይኮማተራል። የመንገዱ ዛፎችም በዚያ በጋ የቀረውን እርጥበት ጠጡት።

እንደምንም ተረጎምኩት። ጋሼ ከመስኮቱ ዘወር አሉ።

“ዋልካ ነው በለኛ!”

“ታዲያ ዋልካ መሆኑን ሳያዩ ነው የመረጉበት?” አሉ አክስቴ።

“ጥቁር አይደለማ፣ እትዬ! የፈረንጅ ዋልካ ቡናማ መሆኑን ማን ነገረኝ?”

አክስቴን ይህኛው አላሳቃቸውም። “ጭቃው ድንጋይ እስኪሆን ምን ያህል ይፈጃል በይው” አሉኝ። ጠየቅሁት። ሰውየው ሊስቅ ብሎ ፊታቸውን ሲያይ ተወው። የሰው ልጅ ምድር ላይ ከኖረበት ዘመን ሁሉ ይረዝማል አለ።

“እኔስ የምፈልገው ልጄ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነበር” አሉ።

ይህን ለሰውየው ሳልነግረው ቀረሁ።

ሰርቬየሩ ሲሄድ ጭቃውን ጠርጋችሁ አውጡት አለን። ዝናብ ሲመጣ ምድሩ ያብጣል፣ ግድግዳውም ወደ ቦታው መመለስ ይፈልጋል፤ አፉ ውስጥ የተጠቀጠቀ ነገር ካለ ግን አይገጥምም። ከዚያ ስንጥቁን አሻግሮ ቀጭን መስታወት ለጠፈበት። ብርዱ እስኪያልፍ መስታወቱ ደህና ከሆነ ትኖራላችሁ፣ ከተሰበረ ግን ምድሩ ገና አላረፈምና ትወጣላችሁ አለ።

ጋሼ የሞሉትን በቢላዋ እየፋቁ አወጡት። አክስቴ በየማለዳው ወደ ሥራ ሲወጡ መስታወቱን በጣታቸው ጫፍ ይዳብሱታል፤ የሕፃን ግንባር ትኩሳት እንደሚለካ ሰው። ኅዳር ላይ ዝናቡ መጣ። ስንጥቁ የጠበበ መሰለን። አክስቴም ለልጃቸው ያዘጋጁትን የአልጋ ልብስ አጥበው ደግመው አነጠፉት። እኔ ማታ ስተኛ ከፍራሼ በታች፣ ከወለሉ በታች፣ ያ አሮጌ ጭቃ ቀስ እያለ ሲጠጣ ይታየኛል። ትምህርት ቤት ምድር ጽኑ ናት ብለው ነበር ያስተማሩን፤ ወይም እኔ እንደዚያ ሰምቼ ይሆናል።

ጥር ላይ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ መስታወቱ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ አገኘሁት። ሲሰበር የሰማ የለም።

“ሌላ ገዝተን እንለጥፍበት” አሉ ጋሼ። “ማን ያውቅብናል?”

“መስታወቱንስ እንተካ” አሉ አክስቴ። “ምድሩን ማን ይተካዋል?”

ካውንስሉ፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ራቅ ብሎ ክላፋም በሚባል ሰፈር ፎቅ ላይ ቤት ሰጠን። በወጣንበት ቀን፣ የአክስቴ ልጅ ቢመጣ እንዲሰጡት፣ አዲሱን አድራሻ ይዤ የጎረቤቱን በር ሁሉ አንኳኳሁ። ከዚያ በፊት የማንንም በር አንኳኩቼ አላውቅም። አንዳንዱ አልከፈተም። የከፈቱትም አንድ ዓይነት ነገር ነገሩኝ፤ የነሱም ግድግዳ ተሰንጥቋል፣ እነሱም ይወጣሉ። በመጨረሻ ፖስተኛውን መንገድ ላይ አስቆምኩት። ፎርም ከሞላችሁ የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ወደ ክላፋም እናዞርላችኋለን አለ። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ለአክስቴ ነገርኳቸው።

“ደብዳቤ ማን አለ?” አሉ። “ልጄ የሚመጣው በእግሩ ነው።”

ወንበሮቹ ሁሉ መኪናው ላይ ተጭነው ስለነበር አክስቴ የደጁ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ። አልተነሡም።