ኦርጂናሉን አይንኩት

ባሌ በሞተ በአርባኛው ቀን፣ የተዝካሩ ድንኳን ሳይፈርስ፣ ታናሽ ወንድሙ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ ሳሎኔ ገባ። ዋርሳዬን ከሠላሳ ዓመት በላይ አውቀዋለሁ። ፊቱን እንዳየሁ ለማጽናናት እንዳልመጣ ገባኝ። የመጣው ለፎቶ ቤቱ ነው።

ፎቶ ቤታችን ጎጃም በረንዳ፣ ከእህል መጋዘኖቹ ፊት ለፊት ነው። የኪራይ ውሉ በሟቹ አማቴ ስም ስለሆነ ሁለቱም ወንድማማቾች የኔ ነው ይሉ ነበር። ባሌ በሕይወት እያለ ፎቶ የሚያነሳውም በኮምፒውተር የሚያስተካክለውም እሱ ነበር። እኔ ባንኮኒው ጋ ተቀምጬ ፍሬም እሸጥ ነበር። ዋርሳዬ ደግሞ ቦታውን የሞባይል ሽፋን መሸጫ ሊያደርገው ከከጀለ ቆይቷል።

"እትዬን የነካት የለም፣ ትጦራለች" አለ ለሽማግሌዎቹ፣ እኔ እዚያ እንደሌለሁ። "ግን ፎቶ ቤት ያለ ባለሙያ ምን ይሠራል? ሥራው ዛሬ በኮምፒውተር ነው። እሷ በእጅ በሚሠራበት ዘመንም ቢሆን..." ብሎ አቆመና "ነገሩን ታውቁታላችሁ" አለ።

ያውቁታል። ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ፊልም ያቃጠለችው ሴት እኔ ነኝ።

ወጣት ሳለሁ ጨለማ ክፍሉ የኔ ነበር። ፊልም አጥባለሁ፣ ኔጋቲቩን ብርሃን ባለው መስታወት ላይ ዘርግቼ በቀጭን እርሳስ የሰው ፊት አስተካክላለሁ። አንድ ቀን የአንድ ትልቅ ነጋዴ ሰርግ ፊልም ሳጥብ በሩ ተበረገደና ብርሃን ገባ። ፊልሙ በሙሉ ተቃጠለ። ከሰርጉ አንድ ፎቶ አልተረፈም። ዋርሳዬ "ሰዓቱ ሳይደርስ አውጥታው ነው" አለ። ባሌን ለብቻው ጠርቼ የሆነውን ነገርኩት፤ በሩ ላይ ማን ቆሞ እንዳየሁም ነገርኩት። "ዝም በይ፣ ወንድሜ ነው" አለኝ። ዝም አልኩ። በማግስቱ ባንኮኒ ላይ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተር ሲገባም "ያንቺ ዓይን ለዚህ አይሆንም" ብሎ አላስነካኝም። ነፍሱን ይማር።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ፈረዱ። "እህቴ፣ ሦስት ወር። ያኔ መጥተን ሱቅሽ ውስጥ እንቀመጣለን። በበሩ የሚገባውን ደንበኛ ራስሽ ትሠሪለታለሽ። ካቃተሽ ቁልፉን ታስረክቢያለሽ።"

ተስማማሁ። ሌላ ምን አለኝ?

አንዋር መስጊድ አጠገብ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የሰርግ አልበም የምትሠራ ሴት አለች። የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ምላሷ ስል ነው። ጠዋት ሥራዋ ሳይበዛ ልታስተምረኝ ተስማማች።

"ማዘር፣ ማውሱን አንቀው አይያዙት። አያመልጥም።"

"ማዘር አትበይኝ።"

"እሺ እትዬ። ይልቀቁት እንግዲህ።"

ደብተር ገዝቼ ቃላቱን እንደ ተማሪ ጻፍኩ። ክሮፕ፣ መቁረጥ ነው። ክሎን፣ ከጤነኛው ቆዳ ቀድቶ የተበላሸው ላይ መለጠፍ ነው። ሌየር ለሳምንት አልገባ አለኝ። በመጨረሻ "አንሶላ ነው በቃ! ፎቶው ላይ የሚነጠፍ አንሶላ። ላዩ ላይ የፈለጉትን ቢሠሩ ፍራሹ አይነካም" አለችኝ። ከእያንዳንዱ ሌየር ጎን ትንሽ የዓይን ምልክት አለች። እሷን ሲነኳት አንሶላው ይሰወራል፣ ከስር ያለው ይታያል።

ከመሣሪያዎቹ ምልክቶች መካከል ሁለቱን ሳይ ግን ልቤ ዘለለ። አንዱ እንጨት ላይ የተሰካ ክብ ነገር ነው። ሌላው ጨበጥ ያለ እጅ ነው።

"ክቡ ዶጅ ነው፣ ያፈካል። እጁ በርን ነው፣ ያጠቁራል" አለች። "ለምን እጅ እንዳደረጉት እንጃላቸው።"

እኔ አውቃለሁ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ከሲጋራ ፓኮ ክብ ቆርጬ ሽቦ ላይ እሰካና ከማጉያው መብራት ስር የሰውየውን ፊት እጋርዳለሁ፤ የተጋረደው ፈክቶ ይወጣል። ማጥቆር ስፈልግ ጣቶቼን ጨብጬ በመሃል ባለችው ቀዳዳ ብርሃን አሳልፋለሁ። ይህን ስነግራት ወንበሯን ወደኔ አዞረች። ከዚያን ቀን በኋላ ማዘር ማለቷን ባትተውም አታጣድፈኝም።

እጄ ግን አስቸገረኝ። ኔጋቲቭ ላይ እርሳስ ያረፈበት ቦታ ሲታተም ነጭ ይሆናል። እጄ የለመደው ያንን ነው። ሽብሽብ ላጠፋ ስል ማጥቆሪያውን አነሳለሁ።

"ማዘር! ሙሽራዋን አስረጇት እኮ! ባልየው ቢያያት ይፈታታል።"

አንድ ነገር ግን በቀልድ አትናገርም። "የደንበኛን ኦርጂናል አይንኩት። ምንም ከመጀመርዎ በፊት ኮንትሮል ጄ ተጭነው ግልባጭ ያውጡ፣ በግልባጩ ላይ ይሥሩ።" አንድ ጠዋት ረስቼ በቀጥታ ኦርጂናሉ ላይ ስጀምር ኮምፒውተሩን ከሶኬቱ ነቀለችው። ሁለተኛ አልረሳሁም።

ሦስት ወሩ የሞላው ዓርብ ዕለት ነው። ሽማግሌዎቹ አምስት ሰዓት ላይ መጥተው ደንበኛ የሚጠብቅበት አግዳሚ ላይ ተደረደሩ። ዋርሳዬ አልተቀመጠም። ሜትር ይዞ መጥቶ ግድግዳዬን ይለካል።

"ለመደርደሪያ ነው" አለ ሳይጠየቅ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ግድም ነጠላውን ያዘቀዘቀ ጎልማሳ ገባ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ጉርድ ፎቶ አወጣ። ከአሮጌ መታወቂያ የተላቀቀ ነው፤ የማኅተሙ ሰማያዊ ቀለም ጉንጩን አቋርጦ ወርዷል።

"እናቴ ናት። ሌላ ፎቶ የላትም። ከአስከሬኑ ፊት የሚያዝ ትልቅ አድርጉልኝ። ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው።" ወደ ውጭ አመለከተ። "ላይኛው መንገድ በሰጋጅ ሞልቷል፣ ሌላ ፎቶ ቤት መሄድ አልችልም።"

ስካን አደረግኩት። ግልባጭ አወጣሁ። ክሎኑን አንስቼ ማኅተሙን ከጉንጯ ላይ ነጥብ በነጥብ ማንሳት ጀመርኩ። የማውሱ ድምፅ ብቻ ይሰማል። አርባ ደቂቃ ያህል ሆነኝ፤ ጉንጯ ጠራ። ትልቁ ሽማግሌ "ጎሽ" አሉ።

ዋርሳዬ ትከሻዬ ላይ መጣ። "ግንባሯ ላይ ያለውስ ቀለም? ወይስ አልታየሽም እትዬ? እኔ ድሮም ያንቺ ዓይን ለዚህ አይሆንም ብያለሁ።"

የባሌን ቃል ነው የደገመው። ደሜ ፈላ። ግንባሯ መሃል ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነገር አለ፤ ሳላጣራ በሁለት ምት ጠረግኩት።

ሰውየው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ።

"ይቺ እናቴ አይደለችም" አለ። "መስቀሏ የት ሄደ? ንቅሳቷ!"

በገዛ እናቴ ግንባር ላይ ያው መስቀል ነበረ። ጡቷን እየጠባሁ ሳየው ያደግኩት ነው። ለዋርሳዬ መልስ ልስጥ ብዬ የሰው እናት መስቀል አጠፋሁ።

"ይኸው! ደግማ አቃጠለችው!" ዋርሳዬ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። "አልኳችሁ! ለቀስተኛ እንኳ አላሳዘናትም!"

ሰውየው ሰዓቱን አየ። ሁለተኛው ሽማግሌ ከአግዳሚው ተነሱ። እንደገና ከመጀመሪያው ልጀምር ብል ቀብሩ ያልፋል።

ከሌየሩ ጎን ያለችውን ያቺን ትንሽ ዓይን ነካኋት። አንሶላው ተሰወረና ኦርጂናሉ ከነማኅተሙ፣ ከነመስቀሉ ብቅ አለ።

"አለች" አለ ሰውየው።

"የትም አልሄደችም፣ ይቀመጡ" አልኩት።

ግልባጩን መልሼ ማጥፊያውን አነሳሁ። ከላይኛው ሌየር የግንባሩን ቦታ ብቻ ቀስ እያልኩ ፋቅሁ። መጀመሪያ የመስቀሉ አንድ ክንድ፣ ከዚያ ሌላው ከስር ወጣ። ጉንጯ እንደጠራ ነው። ዶጁን ይዤ ዓይኖቿን ጥቂት አፈካሁላት፤ ከዚያ በላይ አልነካኋትም። አተምኩት፣ ፍሬም አለበስኩት። ሰውየው ደረቱ ላይ ታቅፎት ወጣ። ውጭ አንድ ተሸካሚ "መንገድ ልቀቁ፣ ለቅሶ ነው!" ሲል ሰማሁ።

"ቁልፉ ያንቺ ነው" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። ከዚያ ወደ ዋርሳዬ ዞሩ። "አንተ ደግሞ ይቅርታ ጠይቃት። እንዲህ ተቀያይማችሁ አትለያዩም።"

ጎንበስ አለ። "ይቅር በይኝ፣ እትዬ።"

መልሱ የታወቀ ነው። ሽማግሌዎቹም እሱኑ ይጠብቃሉ። እኔ ግን "ለየቱ?" አልኩት።

"ለዛሬው ነዋ።"

"የጨለማ ክፍሉን በር ማን ከፈተው?"

ፊቱ ተለዋወጠ። ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። "እትዬ ደግሞ! ያኔ እኮ ልጅ ነበርኩ።"

የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበር፤ ጺም ነበረው።

"ልጅ ነበርኩ ማለት ከፍቻለሁ ማለት ነው?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። ዋርሳዬ ወደ በሩ አየ። እሳቸውም ወደኔ ዞሩ፤ ያን ሁሉ ዘመን ፊልም ያቃጠለችው ሲሉኝ ከነበሩት አንዱ ናቸው። ዓይኔን ማየት አልቻሉም።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኩ። ሽማግሌ ፊት ሌላ አይባልም።

ዋርሳዬ ቀድሟቸው ወጣ። በሩን ዛሬም አልዘጋውም።