የዓርብ ከሰዓቷ አስነባቢ

በሰባ አንድ ዓ.ም. አምስት ኪሎ አካባቢ በምንማርበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍቱን የሚጠብቁ አንዲት ሴት ነበሩ። ስማቸውን የጠየቀ ልጅ አልነበረም፤ «እትዬ» ነው የምንላቸው። ጥቁር ልብስ ከላያቸው አይወርድም። መጽሐፍ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ።

ዓርብ ከሰዓት የንባብ ክፍለ ጊዜ ነው። አብዛኞቻችን የዶሮ ማነቂያ ድሃ ሰፈር ልጆች ስለነበርን ቤታችን ውስጥ መጽሐፍ የሚባል ነገር አናውቅም። ድሮ ልጆች ያነበቡትን ታሪክ ከፊት ቆመው ይተርኩ ነበር አሉ። እሳቸው ግን ይህን አስቀርተውታል። ለእያንዳንዳችን የሚሆነውን መርጠው ያስይዙንና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንብቡ፤ ያነበባችሁትን ግን በልባችሁ ያዙ» ይሉናል።

አንድ ዓርብ ከበላይ መሥሪያ ቤት የተላከ ተቆጣጣሪ መጣ።

«ልጆቹ ያነበቡትን የማይናገሩት ለምንድን ነው ጓድ?» አላቸው በሁላችን ፊት።

የያዙትን መጽሐፍ ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«የእኔ ልጅ ተናግራ ነበር» አሉት። «ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር።»

ተቆጣጣሪው ፊቱን አዙሮ ወጣ።

በሳምንቱ እትዬ አልመጡም። የት እንደደረሱ የነገረን መምህር የለም። በቦታቸው የተተካው ሰውዬ ሳቂታ ነበር፤ ያነበብነውን እየተነሳን እንድንተርክለት ጠየቀን። እኛም እጃችንን እያወጣን ተሽቀዳደምን። እሱ ደብተሩን ገልጦ፣ የተናገርነውን ከነአባታችን ስም፣ ከነቀበሌያችን ይጽፍ ነበር።